የእናቴ ሳጥን ጢንዚዛ

ወንድሜ ሊያገባ መሆኑን የነገረን ዕለት አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሙሽራይቱ አልነበረም። የማን ልጅ ናት፣ ምን ትሠራለች፣ አገሯስ ወዴት ነው የሚለው ሁሉ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ያለው «ሳጥኑን ክፈቱልኝ» ነው።

ሳጥኑ የእናቴ ነው። አፍንጮ በር ባለው ቤታችን፣ ከአባቴ አልጋ ግርጌ የተቀመጠ፣ ክዳኑን ለማንሣት ሁለት እጅ የሚጠይቅ የዋንዛ ሳጥን። ከላይ ነጠላዎቿና ቀሚሶቿ አሉ። ከሁሉም ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠው ግን የአባቴ ንብረት ነው፤ ጠቆር ያለ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ፣ ለአንድ ሰው ኮት፣ ሱሪና ሰደርያ የሚበቃ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሙያውን ያስተማረው አርመን ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ጨርቁን በማስታወሻነት ሰጠው፤ አባቴም ወንድ ልጅ ከወለድኩ ለሠርጉ እሰፋለታለሁ ብሎ ለእናቴ አስረከባት። መጀመሪያ የመጣሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ ተመልሶ ታጠፈ። ወንድሜ ዘግይቶ ተወለደ፤ ለማግባትም ዘገየ። እኔ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ወደ አባቴ ቤት እስክመለስ ድረስ ያን ጨርቅ መቀስ አልነካውም።

በዚህ መሐል ብዙ ነገር ሄደ። እናቴ ዐረፈች። የአባቴን ዓይን የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ወሰደው፤ አሁን ብርሃንና ጥላን ይለያል፣ ሰውን በድምፁና በእርምጃው ያውቃል። ሱቁ የነበረበት ረድፍ ፈርሶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ በዚያ ስናልፍ «እዚህ ጋ ነን?» ይለኛል፣ እኔም ክንዱን ጫን አድርጌ «እዚህ ጋ ነን» እለዋለሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ በሠርጉ ቀን እሱ የቆረጠውን ልብስ ለብሶ እንዲቆም ይፈልጋል። ሌላ ምንም ጠይቆን አያውቅም።

ሳጥኑን ከፈትንለት። ከላይ የደረቀ አደይ አበባና የተጎነጎነ እንግጫ ተከምሮ ነበር። ይህ የእናቴ ወግ ነው። ሰዉ እንግጫውን ምሰሶ ላይ፣ በር ላይ፣ አልጋ ላይ ሲያስር እሷ ሳጥኑን አትረሳም ነበር፤ «እሱም እንደ እኛ ዓመት ይለውጥ» ትላለች፣ ከአደዩ አንድ እቅፍ ከልብሱ ላይ ታስተኛለች። እሷ ከሞተች ወዲህ አባቴ ነው የሚያደርገው። በዘመን መለወጫ ጧት የሠፈሩ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ሲመጡ ከሁሉም ይቀበላል፣ በእጁ እየዳሰሰ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ ክዳኑ ሲጢጥ ሲል እንሰማለን። ማናችንም ተከትለነው ገብተን አናውቅም።

አባቴ ከሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን እስከ ክንዱ ሰደደና ጨርቁን ከሥር ሳበው። ላዩ ደህና ነበር። ያን ሱፍ ያየ ሰው ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው ይል ነበር። አልጋው ላይ ዘርግቶ መዳፉን ሲያንሸራትትበት ግን መሐል ላይ ቆመ። ውስጡን ለቄስ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«ቀዳዳ» አልኩት።

ጣቱን ትንሽ ወሰድ አደረገ። «እዚህስ?»

«ቀዳዳ።»

ወንድሜ ጨርቁን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሲይዘው የቀኑ ብርሃን በየቦታው አለፈበት፤ አንዳንዱ የምስር ክክ ያህላል፣ አንዳንዱ ከዚያም ይሰፋል። አባቴ ብርሃንና ጥላ ይለያል ብያለሁ። ያየ ይመስለኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሽ ጀመር።

ተጠርጣሪ ፍለጋው ወዲያው ተጀመረ። ወንድሜ አይጥ ነው አለ። አባቴ «አይጥ ይቀዳድዳል እንጂ እየመረጠ አይቀምስም» ብሎ አፉን አስዘጋው። ወንድሜ ግን ሙሽራ ነውና ዝም ማለት አልቻለም፤ ጣራው ያፈሳል፣ እርጥበት ነው፣ ክሩ አርጅቷል እያለ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዋለ። ጎረቤታችን የወሎዋ እናት ለመጠየቅ ብቅ ብለው ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና «ጋሼ፣ ይሄማ ብል ነው፤ መድኃኒት ሳያኖሩበት እንዴት ይቀመጣል?» አሉ። አባቴ በትሕትና «ልክ ነዎት» አላቸው። እኔ ግን ብልን አውቀዋለሁ፤ ሳጥን ሲከፈት ብር የምትል አመድማ ቢራቢሮ ናት። ከሳጥኑ ብር ያለ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሳጥኑን ወደ ግቢ አውጥቼ አራገፍኩት። ተናድጄ ነበር። ስናደድ ቤት ማጽዳት እወዳለሁ። በጨርቁ እጥፋትና በሳጥኑ ጥጋጥግ ያገኘኋቸው ከስንዴ ፍሬ የሚያንሱ፣ ቡናማ፣ ጠጉራም ትሎች ነበሩ፤ የአባ ጨጓሬ ግልገል ይመስላሉ። ከሕያዋኑ ይልቅ ገፈው የጣሉት ባዶ ቆዳ ይበዛል። ከዚያ ወደ ቤት ስገባ በአባቴ ክፍል የመስኮት ደፍ ላይ የደረቁ ትንንሽ ነጠብጣቦች አየሁ። ከዚህ በፊት በስንት ጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳያቸው እግር አላቸው። ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም፤ ድብልብል ያለ ጀርባቸው ላይ ነጭ፣ ቡናማና ቢጫ ተነስንሶበታል። አንዱ በሕይወት ነበር፤ መስታወቱን ሽቅብ እየወጣ፣ እየወደቀ፣ ደግሞ ይሞክራል። ትሉንም ጢንዚዛውንም በአባቴ የዓይን ጠብታ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

የማስተምረው ፒያሳ አጠገብ ነው፤ ትምህርቴ ታሪክ ነው። ባዮሎጂ የምታስተምረው ባልደረባዬ የአራዳ ልጅ ናት፣ ምላሷ አያርፍም። ካርቶኑን ከፍታ ሁለቱንም በማይክሮስኮፑ ተራ በተራ አየቻቸውና «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው» አለችኝ።

«እንዴት አንድ ናቸው? አንዱ ትል፣ አንዱ ጢንዚዛ።»

«ልጅና አዋቂ። ነይ እይው እስቲ፣ እንዴት እንደለበሰ።»

አየሁት። ያ የናቅኩት ነጠብጣብ በመስታወቱ ውስጥ ሲገዝፍ ጀርባው በሙሉ በቅርፊት የተሸፈነ ነበር፤ ነጩ በቡናማው፣ ቢጫው በነጩ መሐል ተጠልፎ። ልብስ ሰፊ ያሳደገኝ ሰው ነኝና ጥሩ ሥራ አይቼ ማለፍ አልችልም። አምሮብሃል አልኩት በልቤ፣ የአባቴን ሱፍ በልተህ።

«የአራዳ ልጅ ነው ባክሽ» አለች ባልደረባዬ። «ልጅነቱን ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ሱፍ ሲበላ ይከርማል፤ ላባም፣ ቆዳም፣ ጠጉርም ካገኘ አይምርም። ሲጎለምስ ክንፍ ያወጣና ወደ ብርሃን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሱፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አበባ ላይ ተቀምጦ ዱቄቱን እየላሰ ጨዋ ሆኖ ይውላል። እንቁላል መጣል ሲያምረው ደግሞ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል።»

«ስሙ ማነው?»

የላቲኑን ስም ነገረችኝ፤ እስከ ደረጃው ድረስ እንኳ አልቆየልኝም። የአማርኛውን ስጠይቃት ሳቀች፤ የለውም አለች፣ ወይም ካለው እሷ አልሰማችም። እኔም ሰው ሁሉ እየጠየቅኩ ሰንብቻለሁ። የፊደል ገበታችን ይህን ሁሉ ሆኖ፣ እህል ለሚበላው ነቀዝ፣ እንጨት ለሚበላው ምስጥ፣ ልብስ ለሚበላው ብል ስንል ይህን ጢንዚዛ ልብ ያለው የለም። እሱ ግን በየአገሩ ቤት አለው። ባልደረባዬ እንደምትለው ሰው ሱፍ ለብሶ በሄደበት ሁሉ ሄዷል፤ ሰው ከመልበሱ በፊትም በወፍ ጎጆ ውስጥ ላባ እየበላ ይኖር ነበር። ዓለምን ሁሉ አዳርሶ ስም ሳይጠየቅ መኖር ይቻላል ማለት ነው። ለአንድ ታሪክ አስተማሪ ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ የምናስተምረው ስም ስለወጣላቸው ብቻ ነውና።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አልታየኝም ነበር። ወደ ቤት ስመለስ፣ አፍንጮ በር ታክሲ ስወርድ ነው ነገሩ የበራልኝ። አበባ ላይ ይውላል ብላኛለች። በየዓመቱ በመስከረም፣ አደይ እቅፍ ሙሉ ተሸክሞ፣ ዱቄቱን ልብሱ ላይ እያራገፈ፣ ክፍሉ ገብቶ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ከሱፍ ጨርቅ በላይ የሚያስተኛ ሰው አውቃለሁ። ጢንዚዛውን እንግዳ አድርጎ፣ በእጁ ይዞ፣ ክዳን ከፍቶ ያስገባው አባቴ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ባልነግረው በመጪው መስከረም እንደገና ያስገባል፤ የእናቴ ነጠላዎች ጥጥ ናቸውና ይተርፉ ይሆናል፣ የክረምት ሹራቧ ግን ሱፍ ነው። ብነግረው ደግሞ የቀረውን የእናቴን ወግ ከእጁ መንጠቅ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ለስለስ ያለ ቃል ስፈልግ መጣሁ። ለስለስ ያለ ቃል እኔ ዘንድ አይበረክትም። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና አጠገቡ ሳልቀመጥ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተናገርኩ።

«አባዬ፣ በአበባው ነው የገባው።»

«በየቱ አበባ?»

«አንተ ሳጥኑ ውስጥ በምታስቀምጠው።»

ከአንደበቴ እንደወጣ ጸጸተኝ፤ ተቀመጥኩና ባልደረባዬ ያለችኝን ሁሉ፣ ትሉን፣ ክንፉን፣ ጨለማውን፣ በችኮላ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ፀሐይዋ እንዳቀና አዳመጠኝ።

«እናትሽም ታስገባ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ያኔ አልበላውም።»

«አልበላውም። የሚወደው የማይነካ ነገር ነው አለች ባልደረባዬ፤ የማይከፈት፣ የማይራገፍ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ሳጥኑን ባዶ ታደርገው ነበር። ልብሱን በሙሉ ገመድ ላይ አሰጥታ በከዘራዬ ትደበድበዋለች። ‹አንቺ፣ ጨርቁ ምን በደለሽ?› እያልኩ እስቅባት ነበር።» እውነቱን ነው። እኔም ትዝ አለኝ፤ ከገመዱ ሥር ቆሜ ጭስ የሚመስል አቧራ ሲወጣ አያለሁ፣ ያ ግራጫ ሱፍ በፀሐይ እንዴት እንደሚሞቅ በጉንጬ አውቀዋለሁ።

«እኔ አበባውን ብቻ ያዝኩ» አለ አባቴ። «ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጌ ሸጎጥ አደርገውና ቶሎ እዘጋዋለሁ። ሽታዋ እንዳይወጣብኝ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ፊቱን ወደ እኔ ቢያዞርም እንደማያየኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንባዬን በመሐረብ ሳይሆን በእጄ ጀርባ፣ ድምፅ ሳላሰማ ጠረግኩ። ጢንዚዛው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ጨለማ፣ ሱፍ፣ ደግሞም ለመንካት የሚሳሳ ሰው። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚኖረውም ይህን ስለማያጣ ይመስለኛል። የሞተ ሰው ልብስ ያላስቀመጠ ቤት የለም።

አባቴ «አስተማሪ አይደለሽ?» አለኝ። «ነገ ጠመኔ ይዘሽልኝ ነይ።»

ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ተጨነቀ። «አባዬ፣ አትልፋ፣ ሱፍ ልብስ እገዛለሁ» አለው፤ ክፋት አልነበረውም፣ ሽማግሌ እንዳይደክም ነው። እኔ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» አልኩ። አባቴ ሳቀና «ግዛ» አለው፤ «ኮቱንም ሱሪውንም ግዛ፣ አሁን የሚሸጠው ምንም አይልም። ሰደርያውን ግን ተወው።» ሰደርያ ከሱፍ የሚፈልገው ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀርባው ገበር ነው። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ሁለት ደህና ቁራጭ ካገኘን ይበቃናል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምግብ ጠረጴዛውን በመስኮቱ ሥር አደረግንና ጨርቁን ዘረጋን። ወንድሜን አቁሞ በሜትር ሳይሆን በስንዝሩና በመዳፉ ለካው፤ ቁጥር አልጠራም፣ እኔም አልጻፍኩም። ከዚያ እሱ በጣቱ ይሄዳል፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል፣ እኔ በጠመኔ እከባለሁ። ሲያልቅ ጨርቁ በነጭ ክብ ተሞላ። እሱ በስንዝሩ እያሳየኝ ከጋዜጣ የቆረጥኩትን ልክ በክቦቹ መሐል አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያዞርን ማስቀመጥ ጀመርን። ሦስት ጊዜ ያህል ተጣላን። «እጅሽ ይሮጣል» ይለኛል፤ «አንተ ደግሞ ትንፋሽ አትሰጥም» እለዋለሁ። በመጨረሻ ግራውና ቀኙ የሚወጣበት ቦታ አገኘሁና ኩራት እየተሰማኝ «እዚህ ንጹሕ ነው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ያን ቦታ በከንፈሩ ዳሰሰው። ጣቱ ያላገኘውን ከንፈሩ አገኘው። «አይደለም፤ እዚህ ግጦታል» አለኝ። ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት፤ ቀዳዳ የለም። ዓይኔን አጥብቤ፣ ጨርቁን አጋድሜ ሳየው ግን የሱፉ ጠጉር ከላይ ተልጦ ክሩ ብቻ ቀርቷል፤ ትሉ ጀምሮ ትቶታል። እንደገና አዞርን። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ስትሸሽ ጠረጴዛውን ገፋንላት። ለመቁረጥ ሲደርስ መቀሱን እኔ ልያዝ ስል እጄን መታ አደረገኝ። ግራ እጁን በጋዜጣው ጠርዝ እያስቀደመ በቀኙ ቆረጠ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ አንድ ስሕተት ቢሠራ ሌላ ጨርቅ የለንም። መቀሱ አልቆመም።

መስፋቱ ሳምንታት ፈጀ። መርፌው ላይ ክር የምሰካለት እኔ ነኝ፤ የስፌት መኪናውን በእግሩ ሲዘውር ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ እንደ ድሮው። የቀረውን የተበሳሳ ጨርቅ የት ላድርገው ስለው «ጣይው» አለኝ፤ አንጀቴ አልቻለም፣ አጥቤ ለወሎዋ እናት ለትራስ ሰጠኋቸው። ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጥቤ ግቢ ውስጥ ክዳኑን ከፍቼ አሰነበትኩት። ካገኘኋቸው ትሎች የገደልኩትን ገደልኩ። አልዋሽም፣ ሳልራራ ነው የገደልኳቸው።

ሠርጉ በጥር ነበር። አባቴን ከመድረኩ ፊት ለፊት አስቀመጥነው፣ እኔ አጠገቡ። ወንድሜ የተገዛ ጥቁር ኮት ለብሶ ገባ፤ ሰደርያው ደረቱ ላይ ትንሽ ብቻ ይታያል። አባቴ ጭብጨባው ሲነሣ ያጨበጭባል፣ ሲቆም ያቆማል፣ ሆኖም ጆሮው ሌላ ቦታ እንዳለ ገብቶኛል። ከምሳ በኋላ ጭፈራው ሲሞቅ ሚዜዎቹ ወንድሜን ወደ መሐል ጎተቱትና አዳራሹ ጮኸ።

«ምን ሆነ?» አለኝ አባቴ።

«ኮቱን አወለቀ።»

ወደ እኔ ዘንበል አለ። «እንግዲህ እይልኝ። ደረቱ ላይ ይነሣል?»

«አይነሣም። ተኝቷል።»

«ቁልፎቹ ይጎትታሉ?»

«አይጎትቱም።»

«ግራ ትከሻውስ?»

አየሁ። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶን እስክስታ እየወረደ ነበር። አብሬው አድጌ፣ አቅፌው፣ ተጣልቼው፣ አንድም ቀን ልብ ያላልኩትን ያኔ አየሁ። «ከቀኙ ዝቅ ይላል» አልኩ፤ ከዚያ ሥራው የተበላሸ እንዳይመስለው ፈርቼ «ልብሱ አይደለም፣ ትከሻው ነው» ብዬ ጨመርኩ።

«አውቃለሁ፤ ስለካው እጄ አግኝቶታል፣ በዚያው ልክ ቆረጥኩለት» አለ። «የእናታችሁ ትከሻ ነው። ቀሚሷን ስሰፋ በግራ በኩል ዝቅ አደርግላት ነበር። ነግሬያት አላውቅም፤ ሞታለች፣ ሳታውቀው።»

ጭፈራው እስኪያልቅ እኔም ዓይኔን ከዚያ ትከሻ አላነሣሁም።